ወፍ የለም

አገር ምድሩ እትዬ ወፍ ይላታል። ሥራዋ ስሟን በልቶታል። በሰሜኑ ገጠር፣ በሐይቁና በታጨደው የስንዴ ማሳ መካከል፣ አንድ ጠባብ የአውሮፕላን ሜዳ አለ፤ አንድ የጠጠር ማኮብኮቢያ፣ አንድ ክፍል ቤት፣ እንጨት ላይ የተሰቀለ አንድ የንፋስ ጨርቅ፣ በቃ፣ ይኸው ነው። አውሮፕላን ሊያርፍ ወይም ሊነሣ ሲል ሜዳውን በፒካፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያሰሰች ወፍ የምታባርረው፣ ባዶ መሆኑንም በእጅ ሬዲዮ የምታሳውቀው እሷ ናት። ሥራው ለሚሰማው ያስቃል። አንድ ዝይ ሞተር ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚከተል ያየ ሰው ግን አይስቅም። እሷ አንድ ጊዜ አይታለች፤ ከዚያ ወዲህ በሥራዋ የሚቀልድባት ቢመጣ ወፍ ላይ የምትተኩሰው ርችት አያስፈልጋትም፣ በግልምጫ ብቻ ታባርረዋለች።

መኸሩ ተሰብስቦ ብርዱ ሊገባ ሲል ያለው ጊዜ የጭንቋ ወቅት ነው። ከወዲያ ከቀዝቃዛው አገር የሚመጡት ወፎች ሐይቁ ላይ ያርፉና ማሳው ላይ የረገፈውን እህል ለቃቅመው፣ ጉልበት ገዝተው፣ ወደ ሙቀቱ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ዳክዬዎቹ፣ ቀጥሎ ሽመላዎቹ፣ መጨረሻ ላይ የዱር ዝይዎቹ። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሄደ፣ ምን አዲስ ወፍ እንደታየ ለከተማው ቢሮ የምትነግረውም እሷው ናት። ቢሮው ምን እንደሚያደርግበት ጠይቃ አታውቅም። ለእሷ ደስታዋ ነው። የመጨረሻው መንጋ ወደ ደቡብ ሲዞር እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ እስኪጠፋ ድረስ በዓይኗ ትሸኘዋለች፤ ከዚያ እፎይ ብላ ቤቷ ትገባለች።

ዘንድሮ ግን እፎይ የሚባል ነገር ጠፋ። ውርጩ ጀመረ፣ የሐይቁ ዳር ዳር በረዶ ሆነ፣ ዝይዎቹ ግን ወይ ፍንክች። ይባስ ብለው ከሐይቁ ወጥተው ማኮብኮቢያው ላይ ሰፈሩ። ጠጠሩ ቀን የጠጣው ፀሐይ ሳይሞቃቸው አይቀርም። ሲያባርሯቸው ይነሣሉ፣ አንድ ዙር ዞረው ተመልሰው ይቀመጣሉ፤ የአባታቸው ግቢ ይመስል።

እንግዲህ ሜዳው ባዶ ሲሆን የሚነገረው ቃል አንድ ነው፤ «ወፍ የለም»። አይጨመርበት፣ አይቀነስበት። ሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጡት ሽማግሌ ይህን ሲሰሙ ለአብራሪው ውረድ ይሉታል። እኚህ ሰው ጆሯቸው የሰማውን እንጂ ልባቸው የጠረጠረውን የማያምኑ ናቸው፤ «ጋሽ ጆሮ» የሚለውን ስም ያወጣላቸውም ይኸው ጠባያቸው ነው። መቼም «ወፍ የለም» በየመንገዱ ሌላ ነገር እንደሆነ የማያውቅ የለም። ዳቦ ተገኘ? ወፍ የለም። ልጅቷ እሺ አለችህ? ወፍ የለም። ተስፋ የተቆረጠበት ነገር ሁሉ ወፍ የለም ነው። ሜዳው ላይ ግን ይህ ቀልድ ክልክል ነው። አንድ ፖስታ አመላላሽ በዚህ ቃል ቢቀልድ ጋሽ ጆሮ ብርድ ላይ አውጥተው አስቁመውታል ይባላል።

የእትዬ ወፍ አማች ደግሞ ያለዚህ ቃል አፉን መክፈት የማይችል ሰው ነው። የግንድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ፣ ምላሱ የማያርፍ። አትጠላውም፣ ግን አልዋጥልሽ ብሏታል። ያለቻት ልጅ አንድ ናት፤ ያቺ አንዲት ልጅ፣ ቁም ነገረኛዋ አስተማሪ፣ ምን ታይቷት ይህን ለፍላፊ እንዳገባች እናትየው እስከ ዛሬ አልገባትም። ልጅቷን ስትጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ያስቀኛል።

ጉዱ የፈላው አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ነው። ልጅቷ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ሊገባ ነበር። ትምህርት ቤት ሰሌዳው ፊት ቆማ እያለች ደም ፈሰሳት። ጤና ጣቢያ አደረሷት። ሲስተሯ መረመረችና አማቹንና እናትየውን ውጭ ጠርታ ነገሩን ቁልጭ አድርጋ ነገረቻቸው፤ የእንግዴ ልጁ ከሕፃኑ ቀድሞ መውጫው ላይ ተቀምጧል፣ በቀዶ ካልወለደች ደሙ አይቆምም፣ እዚህ ደግሞ ቀዶ የሚባል ነገር የለም። ወደ ከተማው የሚወስደውን ድልድይ በዚያው ሳምንት ጎርፍ ወስዶታል፤ የሜዳው የፒካፕ ሹፌር ራሱ ወዲያ ማዶ ቀርቷል። የቀረው አውሮፕላን ብቻ ነው።

ጋሽ ጆሮ ከተማውን ጠርተው በሽተኛዋ የእትዬ ወፍ ልጅ መሆኗን ነገሩ፤ አውሮፕላኑ ይምጣ ተባለ። አብራሪው ያው የሚያውቁት አብራሪ ነው። እትዬ ወፍ ፊቱን በቅጡ አይታው አታውቅም፤ ከቆብና ከመነጽር በታች ያለውን ጉንጩን ብቻ ነው የምታስታውሰው። ድምፁን ግን ታውቀዋለች፤ ሲመጣ ሁሌ ለእኔ ያስቀመጥሽልኝ ዝይ የለም ወይ እያለ ይቀልድባታል፤ ከእሱ ስትሰማው አይከፋትም። ዛሬ አልቀለደም። ከተማው ላይ ጉም ስለነበረ ዘግይቼ ነው የምነሣው፣ አንዲት ነርስ ይዣለሁ፣ የምደርሰው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው አለ። ሜዳው መብራት የለውም። ስደርስ ባዶ ካልሆነ ተራራው ሳይጨልምብኝ እመለሳለሁ፣ ነገ እሞክራለሁ አለ። ሲስተሯ «ነገ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

ልጅቷን የጫነችው የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሬዲዮ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ሞተሯን ሳታጠፋ ቆመች። እትዬ ወፍ ወደ ሜዳው ከመውጣቷ በፊት የኋላውን በር ከፍታ ገባች። ልጅቷ ፊቷ ነጥቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፤ እጇን ስትይዛት ቀዝቅዞ ነበር። እናትየው ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት።

«እማዬ፣ አባሪልኝ» አለቻት ልጅቷ።

«አባርርልሻለሁ» አለች።

ወርዳ በሩን ዘጋችና ፒካፑ ውስጥ ገባች። መሪውን የያዘው አማቹ ነበር፤ ሌላ የሚነዳ ሰው የለም። ጭኗ ላይ የምልክት ሽጉጧን፣ አንድ ኪስ ሙሉ የርችት ጥይትና የእጅ ሬዲዮዋን አደረገች። ደረት ኪሷ ውስጥ ደግሞ አንዲት ቀይ ጥይት አለች። ይህቺ ለወፍ አይደለችም። ቀይ ብርሃን ያየ አብራሪ፣ በሬዲዮ ምንም ቢባል፣ አያርፍም። እስከ ዛሬ ተኩሳት አታውቅም።

ሜዳው መሐሉ ላይ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ከሬዲዮ ክፍሉ ሆኖ ወዲያኛው ጫፍ አይታይም። ጉብታውን ሲያልፉ ዝይዎቹ ጠጠሩን ሸፍነውት አዩ። ጠጠሩም ቡናማ፣ እነሱም ቡናማ፤ ከላይ ለሚመጣ ሰው እስኪደርስባቸው ድረስ መሬት ናቸው የሚመስሉት። አማቹ ክላክሱን ይዞ ነዳው፤ እሷም በመስኮት ብቅ ብላ ርችቱን ተኮሰች። መንጋው በአንዴ ተነሣ። ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። ወደ ሐይቁ ሄዱ፣ ዞሩ፣ ፒካፑ አሁን ወደተነሣበት ወደ ወዲህኛው ጫፍ ተመልሰው ተቀመጡ።

ተመለሱና አባረሯቸው። ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄዱ። እንደገና። ወፎቹ ርችቱን እየለመዱት መጡ፤ በመጀመሪያው ተኩስ ይነሡ የነበሩት በሦስተኛው አንገታቸውን ብቻ ቀና ማድረግ ጀመሩ። እትዬ ወፍ ኪሷን ዳበሰች፤ ጥይቱ እያለቀ ነው። ፀሐይዋም ወደ ተራራው አዘቅዝቃለች። አማቹ ከመንዳቱ እኩል ይለፈልፋል፤ ዝይዎቹን ይሳደባል፣ ይለምናል፣ በመሐል ይስቃል። የሚስቀው ከፍርሃቱ እንደሆነ ብታውቅም ልትሸከመው አልቻለችም። ዝም በል አለችው። ዝም አለ፤ ዝምታው ደግሞ ከልፍለፋው ባሰባት።

በዚህ መሐል ከጠጠሩ ዳር የነበሩትን ጥቂቶች ለማስነሣት ብሎ መሪውን ወደ ሣሩ ጠመዘዘው። አይሆንም ልትለው አፏን ስትከፍት ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ወደ ፊት ሞከረ፣ ወደ ኋላ ሞከረ፣ ጭቃው ወደ ላይ ከመረጨት በቀር የሆነ ነገር የለም። ትልቁ መንጋ ገና ወዲያኛው ጫፍ ላይ ነው። ከሬዲዮው ውስጥ የጋሽ ጆሮ ድምፅ አውሮፕላኑ ሐይቁን ሊያገኝ ነው አለ።

እትዬ ወፍ ከመኪናው ዘለለች። አንድ እጇ ለሽጉጡ፣ አንድ እጇ ለጥይቱ ያስፈልጋታል። ሬዲዮውን ጭኑ ላይ ወረወረችለትና ያየኸውን ለጋሽ ጆሮ ንገራቸው ብላ ሮጠች። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ። ለዚህ ሰው፣ ለዚህ አፍ፣ ያንን ቃል እንዳትናገር ብላ ሳታስጠነቅቅ ሬዲዮ መስጠቷ። በደህናው ቀን ቢሆን ለአንድ አፍታ እንኳ አታደርገውም ነበር። ግን ልጇ ደም እየፈሰሳት ነው፤ ልቧ ያለው አምቡላንሷ ውስጥ ነው።

ሮጠች። የመሮጥ ዕድሜዋ አልፏል፣ ብርዱ ጉሮሮዋን ላጠው፣ ግን ሮጠች። መንጋው ጋ ስትደርስ የቀሩትን ርችቶች አከታትላ ተኮሰች፣ ነጠላዋን ከአንገቷ ፈትታ እያውለበለበች ጮኸች። ተነሡ። ሁሉም። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሰማዩ ላይ ተሰልፈው ወደ ሐይቁ ሲያመሩ እያየች ሂዱልኝ፣ አፈር ስሆን ሂዱልኝ እያለች ለመነቻቸው።

አልሄዱም። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ከፊት የሚመራቸው ዝይ ዞረ፣ ሁሉም ተከተሉት፤ በራሷ ላይ አልፈው በእሷና በፒካፑ መካከል፣ ማኮብኮቢያው እምብርት ላይ፣ ቁጭ። እንደ ተዘራ እህል ጠጠሩን ሞሉት። በእጇ ያለው ሽጉጥ ባዶ ነው።

ዝይዎቹ ሲቀመጡ ሜዳው ጸጥ አለ። ነፋሱ ከፒካፑ ወደ እሷ ነው የሚነፍሰው፤ በውርጭ ቀን ድምፅ ይርቃል። ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ፣ ጋሽ ጆሮ ሜዳው እንዴት ነው ብለው ሲጠይቁ ሰማች። ከዚያ የአማቹን ድምፅ ሰማች። እንባ ያነቀው ድምፅ ነው፣ ተስፋው ሙጥጥ ብሎ ያለቀበት ሰው ድምፅ።

«ኧረ ጋሼ፣ ወፍ የለም። በቃ ወፍ የለም።»

እትዬ ወፍ ክው አለች። ጋሽ ጆሮን ታውቃቸዋለች። እንባውን አይሰሙም፤ ቃሉን ነው የሚሰሙት። ተወው፣ ቃሉን መልሰው ብላ ጮኸች፤ ነፋሱ ድምፅዋን ወደ ኋላዋ ወሰደው። አማቹ መሪው ላይ ተደፍቶ ነበር፣ ቀና ብሎም አላያት። ሮጣ እንዳትደርስበት መንገዱ ሩቅ ነው። ያኔ ከሐይቁ በላይ መብራቱን አየችው። ዝቅ ብሎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ቀጥ ብሎ እየመጣ ነው። ውረድ ተብሏል።

እጇ ደረት ኪሷ ውስጥ ገባ። ቀይዋ ቀዝቅዛ ነበር።

ብትተኩሳት አውሮፕላኑ ይመለሳል፤ ተራራው ጫፉ ጠቁሯል፣ ነገ ነው የሚመጣው፤ ነገ ደግሞ የሲስተሯ ራስ መነቅነቅ ነው። ልጄን በእጄ ገደልኳት ማለት ነው። ባትተኩሳትስ? ባትተኩሳት ምናልባት ዝይዎቹ ወደ ጎን ይበሩ ይሆናል። ምናልባት በመሐላቸው ሰንጥቆ ያርፍ ይሆናል። ምናልባት። ያን ጊዜ ያየችው አውሮፕላን ላይም ሰው ሁሉ ምናልባት ብሎ ነበር። ምናልባት የሚያሰኛት የገዛ ልጇ ናት፤ ያ ሰውዬ ግን ለእኔ ያስቀመጥሽልኝ ዝይ የለም ወይ የሚለው ሰውዬ ነው፣ ከጎኑ ያለችውንም ነርስ ወልዳ ያሳደገች እናት አለቻት። እነሱ የሚወርዱት ወፍ የለም ስለተባሉ ነው። በእሷ ቃል ነው የሚወርዱት። አማቹ ቢናገረውም ቃሉ የእሷ ነው።

ጥይቷን ሁለቴ ከእጇ ጣለቻት። አጎረሰቻት፣ ክንዷን ወደ ሰማይ አነሣች፣ ልጇን አሰበች፣ ተኮሰች።

ሰማዩ ቀላ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አደረገ፣ ሞተሩ አጓራ፣ ዝይዎቹ በሆዱ ሥር ፈነዱ። አንድ አፍታ ክንፍና ክንፍ የተደባለቀ መሰላት፤ ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍተው አውሮፕላኑ በላይዋ አልፎ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ያ የሚያጓራ አስፈሪ ድምፅ እንዲያ ዝቅ ብሎ በመንጋው ላይ ሲያልፍ ርችቱ ያልቻለውን ቻለ። ዝይዎቹ በድንጋጤ ሐይቁን ተሻገሩ፣ የማዶውን ኮረብታም አለፉት። ጠጠሩ ላይ ላባ ብቻ ቀረ።

ወደ ፒካፑ ሮጠች። አማቹ ወርዶ ጭቃው ውስጥ ቆሟል፣ የሚሄደውን አውሮፕላን ያያል። ፊቱን ወደ እሷ ሲያዞር ከዚያ ሳቂታ ሰውዬ የቀረ ነገር አልነበረም። ምን አደረግሽ አላት። ሬዲዮውን ከእጁ ነጠቀችው።

«ጋሼ፣ ወፍ የለም» አለች እያለከለከች።

ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ መጣ፣ እየተንቀጠቀጠ። እኚያ ሰው በዕድሜያቸው እንዲህ ተንቀጥቅጠው አያውቁም።

«የትኛው ወፍ የለም?»

ያ ስንት ዘመን ያገለገለ ቃል በቅጽበት ውስጥ ተሰብሮ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ አሁን ማን ያምነዋል? ትንፋሿን ሰበሰበች። እኔ ነኝ የምናገረው አለቻቸው፤ ማኮብኮቢያው ላይ አንድም ዝይ የለም፣ ሁሉም ኮረብታውን አልፈዋል፣ ቅድም የተናገረው አማቼ ነው፣ ሜዳው ባዶ ነው ማለቱ አልነበረም፣ አሁን ግን ባዶ ነው፣ ቆሜበት እያየሁት ነው፣ ተመልሰው ሳይመጡ ጥቂት ጊዜ አለ። ጋሽ ጆሮ ይህን ሁሉ ለአብራሪው ሲያደርሱ ሰማች። አብራሪው የመለሰውን ግን አልሰማችም፤ የእጅ ሬዲዮዋ ከሰማይ አይቀበልም። አውሮፕላኑ ተራራው ጥግ ላይ ትንሽ መብራት ሆኗል።

«እትዬ» አሉ ጋሽ ጆሮ፤ መናገሩ እንደከበዳቸው ያስታውቃል። «ልጇ ስለሆነች ነው ወይ የምትለው ይላል።»

አልተቆጣችም። እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን ትጠይቅ ነበር።

«ለልጄ ብዬ ቢሆን ኖሮ ቀይዋን አልተኩሳትም ነበር በሉልኝ» አለች።

አማቹ ይህን ሲሰማ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ። እትዬ ወፍ ያቺን መብራት ላፍታ እንኳ ከዓይኗ አላጠፋቻትም። መብራቷ ሄደች፣ ሄደች፣ ከዚያ ወደ ጎን መንሸራተት ጀመረች። እየዞረ ነው።

አረፈ። ጎማው ጠጠሩን ሲነካ የፒካፑን በር ይዛ ቆመች። አማቹ ወደ አምቡላንሷ እግሬ አውጪኝ አለ፤ አብሮ የሚሄድ ሰው አንድ ብቻ ነው የተባለው። ልትከተለው እግሯ ተነሥቶ ነበር፣ አንዴ ልታያት ብቻ፣ ግንባሯን ልትስም ብቻ። ከኮረብታው በላይ ግን ያ ጩኸት ተሰማ። ዝይዎቹ እየተመለሱ ነው። አውሮፕላኑ ደግሞ ገና ሊነሣ ነው።

ወደ ሜዳው መሐል ሄደች። ርችት የላትም፤ ነጠላዋንና ድምፅዋን ይዛ ጉብታው ላይ ቆመች። ከዚያ ሆና ወዲህ ቃሬዛው ከአምቡላንሷ ሲወጣ አየች፤ ሲስተሯን፣ አማቹን፣ ነጭ አንሶላ አየች፤ የልጇን ፊት አላየችም። ወዲያ ደግሞ ዝይዎቹ ዝቅ ሲሉ አየች። ነጠላዋን አወናጨፈች፣ ጮኸች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች፤ ወፎቹ ሊወርዱ እያሉ ከፍ ይላሉ፣ ከፍ እያሉ ይዞራሉ። ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ነበር። አውሮፕላኑ ሲንደረደር ወደ ዳር ዘላ በደረቷ ተኛች። በላይዋ አለፈ። መብራቱ በተራራው አናት ላይ ሲያልፍ ጨልሞ ነበር፤ ዝይዎቹም በጨለማው ተመልሰው መጥተው በዙሪያዋ ተቀመጡ። አላባረረቻቸውም፤ ከእንግዲህ ምን ይሆኗታል።

ድልድዩ በእንጨት ተጠግኖ ሰው በእግር መሻገር ሲጀምር ወደ ከተማው ሄደች። ጋሽ ጆሮ ሁለቱም ተርፈዋል የሚለውን ወሬ አስቀድመው በሬዲዮ አምጥተውላት ነበር፤ ቢሆንም በዓይኗ እስክታይ አላመነችም። ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ አማቹን አገኘችው። ጢሙ አድጓል፣ ከስቷል። ሊናገር አፉን ከፈተና ቃል አጣ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል እያጣ እንደሆነ ነርሶቹ ይቀልዱበታል አሉ። እማማ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው ሊል ሲጀምር አቋረጠችው። ሬዲዮውን የሰጠሁህ እኔ ነኝ አለችው፤ ትከሻውን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው፣ እሱም ልጅ ሆኖ አለቀሰ። በዚያን ጊዜ ነው ልጅቷ ምን ያህል እንደምትወደው የገባት።

ልጅቷ መስኮት አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ ነበር። ደረቷ ላይ ቡጢ የምታክል ፊት ያላት ሴት ልጅ ተኝታለች። እናትየው ሁለቱንም ሳመቻቸው፣ የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች፣ ስለ ድልድዩ አወራች፣ ስለ ትምህርት ቤቱ አወራች፣ ዝይዎቹ በመጨረሻ ሄዱ አለች። ልጅቷ ትሰማታለች፣ ግን ዓይኗ ሌላ ነገር ላይ ነው። እናት አይደለች፣ አወቀችባት። ምን ሆንሽ አለቻት።

«ቀይዋን ስትተኩሺ» አለች ልጅቷ፣ «ተመልሶ እንደሚመጣ ታውቂ ነበር?»

አንዲት ቃል ናት የምትፈለገው። እንዴታ ቢሏት ያልቃል። አብራሪው ነግሮኝ ነበር፣ ጥቂት ብርሃን እንደቀረው አውቅ ነበር፤ ማን ያጣራል? ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። የልጇን ዓይን አየችና ዋጠችው።

«አላውቅም ነበር» አለች።

ሕፃኗ ተንቀሳቀሰች፤ ልጅቷ በመዳፏ ጀርባዋን ደገፈቻት።

«እኔ ብሆን አልተኩስም ነበር፣ እማዬ። ማንም ይሙት እንጂ አልተኩስም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች እናትየው።

እውነት ነው፣ ታውቃለች። አንገቷን ደፍታ ቆመች፤ እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆየች። ከዚያ ፊቷን ሳትመልስ እግሯን ሰብሰብ አደረገችና አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችላት። እትዬ ወፍ ጫፉ ላይ ተቀመጠች።